ከፊትህ ያለውን ደወል ስማ

ስለ ደወል ልጽፍላችሁ ብዕሬን ሳነሣ አንዳንዶቻችሁ «ደወል ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ባደግሁባት የገጠር አጥቢያ ምእመናን የሚጠሩት በትልቅ ዛፍ ላይ በተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። አንድ ወንድም በብረት ዘንግ ደጋግሞ ይመታዋል፤ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል፤ ሰዉ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ቸርኬው አያስብም። ደወል ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፤ ጠርቶ ዝም የሚል ብረት። ስለ ትዳሬ የሚነግረኝ ነገር ይኖረዋል ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ጸሎታችንን የረበሸው ድምፅ

ከለንደን በስተሰሜን፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ በምትገኝ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አማኞች የራሳችን የጸሎት ቤት የለንም። በአውሮፓ እንዳሉ እንደ ብዙዎቹ ኅብረቶቻችን ሁሉ የአገሬውን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን እሑድ ከሰዓት በኋላ እናመልካለን፤ ረቡዕ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ለጸሎት እንሰበሰባለን። የረቡዕን ጸሎት የምመራው እኔ ነበርሁ።

ችግሩ ረቡዕ የደወል ደዋዮቹም ቀን መሆኑ ነው። ልክ ወንድሞችና እኅቶች ተንበርክከው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መማለድ ሲጀምሩ፣ ከአዳራሹ አጠገብ ካለው የድንጋይ ማማ ላይ ስድስት ደወሎች ይለቀቃሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አያቋርጡም። ዜማ ቢኖራቸው እንኳ በተጽናናን! ግን ዜማ የላቸውም፤ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ እንደ ገና ይወርዳሉ። አንዲት እናታችን «ይህ የጠላት ሥራ ነው፤ ጸሎታችንን ሊሰርቅ ነው» አሉና የማማውን ደወል በኢየሱስ ስም ገሠጹት። ደወሉ ግን አልተገሠጸም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተመካክረው እኔን ላኩኝ። መልእክቴ አጭር ነበር፤ «እባካችሁ የልምምድ ቀናችሁን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩልን» የሚል ነው።

አንድ ረቡዕ አስቀድሜ ሄድሁና ጠባቡንና ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃ እየተንጠላጠልሁ ወጣሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ አንዲት ዝቅ ያለች በር ከፍቼ ገባሁ። ያየሁት ነገር እንደ ጠበቅሁት አልነበረም። ጫጫታ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ያለ ነው። ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከእያንዳንዳቸው ፊት አንድ ገመድ በጣሪያው ቀዳዳ በኩል ወርዷል። አንዱም ደወሉን አያየውም፤ ደወሎቹ ከላይ በሌላ ክፍል ናቸው። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ሁሉም ዐይኑን በክቡ ዙሪያ ያንከራትታል፤ ሁሉም ይሰማል።

ሽበታም አዛውንት በእጃቸው ጠቆሙኝና ወንበር ላይ እንድቀመጥ፣ እግሬን ከወለሉ እንዳላነሣ፣ ገመድም እንዳልነካ አሳሰቡኝ። የማማው አለቃ እርሳቸው ነበሩ። ከጎናቸው ያለውን ገመድ የያዙት ባለቤታቸው መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ዜማ የማይጫወቱት ለምንድን ነው?

ሲያርፉ ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት እርሳቸው ጠየቁኝ፤ «ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ?» አላውቅም ነበርና እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ።

እያንዳንዱ ደወል ከአንድ ትልቅ መንኰራኵር ጋር ተያይዟል። ገመዱ በመንኰራኵሩ ዙሪያ ይሄድና ወደ ደዋዩ እጅ ይወርዳል። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ደወሉ እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይነሣል፤ በመጨረሻ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ደዋዩ ገመዱን በሳበ ቁጥር ደወሉ ሙሉ ክብ ይዞርና እንደ ገና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ያርፋል። በአንድ ዙር የሚጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብረቱ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል የተሠራ ሲሆን በዚያ ማማ ላይ ትልቁ ደወል ስድስት መቶ ኪሎ ያህል ይመዝናል። በሊቨርፑል ካቴድራል ያለውና በዚህ ዓይነት ከሚደወሉት ሁሉ የሚከብደው ግን ከ4,000 ኪሎ በላይ ነው።

ይህን ያህል የሚመዝን ብረት ዞሮ እስኪመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ልታጣድፈው አትችልም። ስለዚህ ዜማ መጫወት አይቻልም። የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ደወል ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ መለዋወጥ። በመጀመሪያ ተራው 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ቢሆን፣ ቀጥሎ 2፣ 1፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5 ይሆናል። አንዱ ትንሽ ይዘገያል፤ ሌላው ትንሽ ይፈጥናል። ከአንድ ቦታ በላይ መዝለል የለም፤ አንድ ጊዜ የተደወለ ተራም አይደገምም። እንግሊዞች ይህን «ቼንጅ ሪንጊንግ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የመለዋወጥ አደዋወል ብንለው ይሆናል።

ስሌቱ ያስገርማል። አምስት ደወሎች ሳይደጋገሙ 120 ጊዜ ተራቸውን መለዋወጥ ይችላሉ። ስድስቱ 720፣ ሰባቱ 5,040 ጊዜ ይደርሳሉ። 5,040 ለመደወል ሦስት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ። ስምንቱ ደወሎች 40,320 ተራ አላቸው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1963 በሎፍቦሮ የደወል ማምረቻ ስምንት ሰዎች ገመዳቸውን ለሌላ ሳይሰጡ ደውለው ጨርሰውታል፤ የፈጀባቸው አሥራ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነበር።

ይህ አደዋወል የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለ እርሱ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1668 ታተመ። ፋቢያን ስቴድማን የተባለ የሕትመት ባለሙያ ደግሞ በ1677 ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ሥርዓቱን አስፋፋው። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ብቻ እንዲህ የሚደወልባቸው ማማዎች ከ5,000 በላይ ናቸው።

«ለጀማሪ አስቸጋሪው ምኑ ነው? ክብደቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክብደቱስ ምንም አይደለም፤ ልጆችም ይደውላሉ። አስቸጋሪው ሰው የራሱን ደወል ብቻ መስማቱ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የራስህን ተወው፣ ከፊትህ ያለውን ደወል ስማ። እርሱን ከሰማህ የአንተ ቦታ ራሱ ይመጣል።»

ይህን ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እኔና ባለቤቴ

በዚያ ሰሞን እኔና ባለቤቴ ከተነጋገርን ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር። «ልጆቹን አምጣ»፣ «ሒሳቡ ተከፍሏል» ከሚል በቀር ማለቴ ነው። እኔ በመጋዘን ሌሊት እሠራለሁ፤ እርስዋ አረጋውያንን በመንከባከብ ቀን ትሠራለች። በር ላይ ነበር የምንተላለፈው።

ጠቡ የመጣው በገንዘብ ነው። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ መኪና ገዝቶ ሥራ ሊጀምር ፈልጎ እርዳኝ አለኝ። ሁለት ሺህ ፓውንድ ላክሁለት። አላማከርኋትም። ያወቀችው ለልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ልትገዛ ሄዳ ካርዷ አልሠራ ሲላት ነው። ማታ ስትጠይቀኝ «ወንድሜን መርዳት ኃጢአት ነው እንዴ?» ብዬ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀስሁላት። እርስዋ ጸጥ ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ስለ ወንድምህ አይደለም። አንተ ትናገራለህ እንጂ አትሰማም።»

እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ረቡዕ ነበርና ጸሎት መራሁ። በትዳር ለተቸገሩ ቤተሰቦችም ስም እየጠራሁ ጸለይሁ። ያን ምሽት ደወሎቹ ከወትሮው ይልቅ የረበሹኝ መሰለኝ። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ «ይህ ነገር መፍትሔ ይፈለግለት» ብዬ አጥብቄ የተናገርሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

በቤት ዝም፣ በማማ መሰማማት

ልምምዱ ሲያልቅ አዛውንቶቹ ባልና ሚስት ሻይ ጋበዙኝ። መልእክቴን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «እኛ ግማሽ ሰዓት ዘግይተን እንጀምር፤ እናንተም ግማሽ ሰዓት ቀደም በሉ» አሉ። ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወራት ሙሉ ያጉረመረምንበት ጉዳይ ማንም ሄዶ ስላልተነጋገረበት ብቻ ነበር የቆየው።

ከዚያ ስንት ዓመት አብረው እንደ ደወሉ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ሣቅ አሉ። አርባ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። «በመካከሉ ግን አንድ ክፉ ዓመት ነበር» አሉ። ባለቤታቸው ሥራ አጥተው መጠጥ የጀመሩበት ዓመት ነበር። በቤት ውስጥ ቃል አይለዋወጡም ነበር። ሆኖም ረቡዕ ረቡዕ ሁለቱም ወደ ማማው ይወጣሉ፤ ሌላ ደዋይ ስላልነበረ አንዱ ቢቀር ስድስቱም ደወሎች ዝም ይላሉ።

«የእኔ ደወል አራተኛው ነው፤ የእርሱ አምስተኛው። እርሱ እኔን መስማት አለበት፤ ቦታ ስንለዋወጥ ደግሞ እኔ እርሱን መስማት አለብኝ። ያለዚያ ይጋጫል፤ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። በቤት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል በግድ እሰማው ነበር። አንድ ቀን ከማማው ስንወርድ ደረጃው ላይ ቆም አለና ‹ማክሰኞ ዕለት የነገርሽኝን አሁን ሰማሁት› አለኝ። ያን ዕለት ነው መፈወስ የጀመርነው» አሉኝ።

ባልየው የሻይ ስኒያቸውን እያዩ ዝም አሉ። በኋላም «ደወሉ አይደለም ያዳነኝ» አሉ። «ጌታ ነው። ግን መስማት ያስተማረኝ በዚያ ገመድ ነው።»

ከደዋዮቹ መካከል ወደ አምልኮ የማይገቡ መኖራቸውንም አልደበቁኝም። ሰዉን ሁሉ በደወል ጠርተው ሲያበቁ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አሉ። «ስለ እነርሱ እንጸልያለን» አሉኝ። እኔም በልቤ፣ ሌላውን ጠርቶ ራሱ የማይገባ ከማማው በታችም እንዳለ ተሰማኝ።

ጆን ቡንያን ከደወል ቤት የሸሸበት ምክንያት

አዛውንቱ ሊሸኙኝ ሲወርዱ «ቡንያንም ደዋይ እንደ ነበረ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። የክርስቲያንን ጉዞ በሕልም አምሳል የሚተርከውን መጽሐፍ ያላነበበ የወንጌል አማኝ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1628 የተወለደባት ኤልስቶው ከምንኖርበት ብዙም አትርቅም። በሌላ ቅዳሜ ሄጄ አየኋት። የደወሉ ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ ለብቻው ቆሟል።

ቡንያን በ1666 ባሳተመው የሕይወት ምስክርነቱ ላይ እንደሚናገረው በወጣትነቱ ደወል መደወል እጅግ ይወድ ነበር። ኅሊናው ሲነቃ ግን ይህ ከንቱ ነገር ነው ብሎ ራሱን አስገድዶ ተወው። በዚያ ዘመን የደወል ቤት የቢራና የጫወታ ቦታ ጭምር ነበርና ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ነገር ግን ልቡ አልተወውም፤ ሳይደውል ቆሞ ለማየት ይሄድ ነበር።

ቆሞ ሳለ «ደወሉ ወድቆ ቢገድለኝስ?» የሚል ሐሳብ መጣበት። ስለዚህ ከወፍራም ወራጅ እንጨት ሥር ሄዶ ቆመ። ቀጥሎ «ግድግዳውን መትቶ ተመልሶ ቢያገኘኝስ?» አለ። ወደ በሩ ሸሸ። በሩ ላይ ሳለም «ማማው ራሱ ቢፈርስስ?» ብሎ ፈራ፤ በመጨረሻም ጨርሶ ሮጦ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ደወሉን ትቷል፤ ሰላም ግን አላገኘም። ቡንያን ራሱ እንደ ጻፈው በዚያን ጊዜ ሃይማኖተኛ መስሎ ለሰው ይታይ ነበር፤ ክርስቶስን ግን አላወቀም ነበር። ለውጡ የጀመረው በቤድፎርድ ከተማ በአንድ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የተቀመጡ ሦስት አራት ድኾች ሴቶች ስለ አዲስ ልደት ሲጨዋወቱ በሰማ ጊዜ ነው። ሊሰማቸው ቀርቦ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ሰሚ ሆነ።

ቡንያን ሲያገባ እርሱና ሚስቱ ድኾች ስለ ነበሩ ሳህንና ማንኪያ እንኳ እንዳልነበራቸው ጽፏል። እርስዋ ከአባቷ ያመጣችው ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት ብቻ ነበር። አብረው ያነብቧቸው ነበር፤ ስለ አባቷ መልካም ኑሮም ትነግረው ነበር። ወደ እግዚአብሔር ነገር ያዘነበለው በእርስዋ ንግግር ጭምር ነው። በኋላ ስለ ስብከቱ እ.ኤ.አ. ከ1660 ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ታሰረ። በ1678 ታላቁ መጽሐፉ ሲወጣ፣ ተጓዡ ክርስቲያን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ሲገባ የከተማይቱ ደወሎች ሁሉ በደስታ እንደሚደወሉ ጻፈ። የፈራውን ደወል ጸጋ ሲያገኘው በሰማይ ደጃፍ ላይ ሰቀለው ማለት ነው።

በጦርነት ዝም ያሉ ደወሎች

ሰዎች የደወልን ዋጋ ያወቁት ዝም ባለ ጊዜ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ደዋዮች 1,400 ያህሉ እንዳለቁ ይነገራል። መቶኛው ዓመት በ2018 ሲታሰብ በእነርሱ ቁጥር ልክ አዳዲስ ደዋዮች እንዲሠለጥኑ ጥሪ ቀረበ፤ የመጣውም ሰው ከተጠበቀው በለጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሰኔ 1940 በመላው አገሪቱ ደወል ተከለከለ፤ ጠላት ከአየር ከወረደ ብቻ ለማስጠንቀቂያ እንዲደወል ታዘዘ። በኅዳር 1942 ስለ ኤል አላሜን ድል ምስጋና አንድ እሑድ ተደወለ፤ እገዳው በ1943 ተነሣ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ማማዎቹ እንደ ገና ዝም ብለው ነበር።

አዛውንቷ ሲነግሩኝ፣ ከወረርሽኙ በኋላ ወደ ማማው ሲመለሱ ደወሎቹ ደኅና ነበሩ፤ የከበዳቸው እጃቸውና ጆሯቸው ነበር። መሰማማት ቶሎ ይረሳል። ብረቱ አይዝግም፤ ልምዱ ግን ይዝጋል።

በትዳርም እንዲሁ ነው። ቀለበቱ በጣት ላይ አለ፤ ቤቱም አለ፤ ፎቶግራፉም በግድግዳ ላይ አለ። የሚዝገው መሰማማቱ ነው።

ጸሎቴን ያስቆመው ማን ነበር?

ያን ረቡዕ ማታ ወደ ቤት ስመለስ በአውቶቡስ ውስጥ የመጀመሪያውን የጴጥሮስ መልእክት አወጣሁ። ምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ላይ ሐዋርያው ባሎችን ሲመክር ሚስቶቻቸውን በማስተዋል ይኖሩ ዘንድ፣ ሕይወትን አብረው የሚወርሱ ናቸውና እንዲያከብሯቸው ይነግራቸዋል፤ ይህ ካልሆነ ጸሎታቸው እንደሚሰናከልም ያስጠነቅቃል። ቃሉን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ያን ምሽት ግን ቃሉ እኔን ሰበከኝ። ወራት ሙሉ ጸሎታችንን ደወል ከለከለ እያልሁ ስከስስ ነበር። የእኔን ጸሎት ግን የከለከለው ማማው ላይ ያለው ብረት አልነበረም። ቤቴ ውስጥ ያላዳመጥኋት ሴት ነበረች።

ቤት ስገባ ልጆቹን አስተኝታ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ለሥራ መውጫዬ ሁለት ሰዓት ቀርቶኝ ነበር። ተቀመጥሁና «ዛሬ አንቺ ተናገሪ፤ እኔ እሰማለሁ» አልኋት። አላመነችኝም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስትጀምር ስለ ሁለቱ ሺህ ፓውንድ አልነበረም የጀመረችው። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ሲያርፉ ለቅሶ ለመሄድ የአውሮፕላን ትኬት ስትጠይቀኝ «አሁን አቅማችን አይፈቅድም» ብዬ እንደ ከለከልኋት ነገረችኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። እርስዋ አልረሳችውም። «ለእናቴ ቀብር ያልተገኘ ገንዘብ ለመኪና ተገኘ» አለች።

ሦስት ጊዜ ራሴን ልከላከል አፌን ከፈትሁ። ሦስቱንም ጊዜ የአዛውንቱ ቃል ትዝ አለኝ፤ የራስህን ተወው፣ ከፊትህ ያለውን ስማ። ዝም አልሁ። ስትጨርስ «ይቅር በዪኝ» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። ሁለታችንም አለቀስን። ሥራም አረፈድሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁሉ ነገር በዚያ ሌሊት አልተስተካከለም። ገንዘቡ አልተመለሰም። እርስዋም ወዲያው አላመነችኝም፤ ወራት ፈጀ። በማግሥቱ ለሽማግሌዎች ነገሩን ገለጥሁላቸውና ጸሎት መምራቱን ለጊዜው ተውሁ። የእሑድ ማታውን ሰዓት ግን ለሁለታችን ለየነው፤ ስልክ ይዘጋል፣ አንዳችን እንናገራለን፣ ሌላው ይሰማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንለዋወጣለን። ከአንድ ፓውንድ እስከ ሺህ ፓውንድ ሳንማከር ወደ አገር ቤት አንልክም። በመጀመሪያ ከባድ ነበር፤ ተራችንን ባለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ተጋጨን። ትኬቱም በሁለተኛው ዓመት ተቆረጠ፤ እናቷ መቃብር ላይ አብረን ቆምን።

ግማሹ የታፈነ ድምፅ

ባለፈው ክረምት አዛውንቱ የማማው አለቃ በጌታ አንቀላፉ። የቀብሩ ዕለት እኔና ባለቤቴ ሄድን። ደዋዮቹ በእያንዳንዱ ደወል ምላስ በአንደኛው ጎን ላይ ቆዳ አሰሩበት። እንዲህ ሲደረግ አንዱ ዙር በሙሉ ድምፅ ይሰማል፤ ተከታዩ ዙር ግን ታፍኖ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ማሚቶ ይሆናል። ድምፅ፣ ከዚያ ማሚቶ፤ ድምፅ፣ ከዚያ ማሚቶ።

አራተኛውን ገመድ የያዙት ባለቤታቸው ነበሩ። «ዛሬስ ይረፉ» ቢሏቸው እምቢ አሉ። አምስተኛውን ደወል የያዘ አንድ ወጣት ነበር፤ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። እኔና ባለቤቴ በግቢው ሣር ላይ ቆመን ስንሰማ እጄን ያዘችኝ። ያ በመጀመሪያ ዜማ የለውም ያልሁት ድምፅ አሁን ገብቶኛል። እያንዳንዱ ደወል ለሌላው ቦታ እየለቀቀ፣ የተለቀቀለትንም ቦታ እየያዘ ይሄዳል፤ ማንም መጀመሪያ ሆኖ አይቀርም፤ ማንም መጨረሻ ሆኖ አይቀርም። በመጨረሻም እንደ ተነሡ ወደ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ተመለሱና ቆሙ።

በዘጸአት ምዕራፍ 28 ላይ የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ዘርፍ የወርቅ ሻኩራ እንዲንጠለጠልበት እግዚአብሔር አዝዟል፤ በፊቱ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ ይሰማ ዘንድ ነው። እኛም በክርስቶስ ካህናት ተብለናል። ወደ ጌታ ፊት በገባን ቁጥር ከልብሳችን ጫፍ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማ ይሆን? በመድረክ ላይ የምናሰማው ነው ወይስ በጓዳችን ያለው?

ውድ ባልና ሚስት፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 19 ላይ ጆሯችን ከአንደበታችን እንዲቀድም ይመክረናል። ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት አንድ ነገር አድርጉ። አንዳችሁ ተናገሩ፤ ሌላችሁ ስሙ። ከፊታችሁ ያለውን ደወል ስሙ። ጸሎታችሁ ከዚያ ይቀጥላል።

አብራችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ባለቤትህ ወይም ባለቤትሽ ደጋግመው የተናገሩት፣ እናንተ ግን እስከ ዛሬ ያልሰማችሁት ነገር ምንድን ነው?

2. ሳትማከሩ የወሰናችሁት የገንዘብ ጉዳይ አለ? ዛሬ ብታወሩበት ምን ያስፈራችኋል?

3. በአገልግሎታችሁ ሌላውን እየጠራችሁ እናንተ ግን ያልገባችሁበት የእግዚአብሔር ቃል አለ?

4. በሳምንት ውስጥ አንዱ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚሰማበት ሰዓት መቼ ቢሆን ይመቻችኋል? ቀኑንና ሰዓቱን አሁኑኑ ወስኑ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።